በር ሳይከፈት የተገኘ ዕቃ

በ2109 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሲስተር ኤልዳና ከኢተያ ወደ ሁሩታ እየነዳች ሳለ ከፊቷ ይሄድ የነበረ ሾፌር አልባ የቢራ ገብስ መኪና የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጠጠር አስፈንጥሮ የመኪናዋን የፊት መስታወት መታው። "ቀጭ" አለ፤ ሌላ ድምፅ አልነበረውም። በቀኝ ጥግ በኩል የጥፍር ቁራጭ የምታህል ስንጥቅ ታየች። ኤልዳና "ይሄስ ምንም አይል" ብላ ሳትጨርስ መኪናዋ በራሷ ፍጥነት ቀንሳ፣ ዳር ይዛ ቆመች። መስታወቱም በዚያ በማይሰለቸው ትሁት ድምፁ፣ "በደረሰብን ጉዳት እናዝናለን" አለ።

"ደረሰብን" ሲል የመድን ድርጅቱንም ጨምሮ መሆኑን ኤልዳና ቆየት ብላ ነው ያስተዋለችው። ለጊዜው ያሳሰባት ሌላ ነበር። አዋላጅ ናት፤ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በእጇ ተወልደው አድገው፣ እነሱም በተራቸው ለመውለድ ወደ እጇ የተመለሱ ሴቶች አሉ። ያን ዕለት ከሁሩታ ወዲያ አንዲት ወላድ ምጧ ጀምሯት እየጠበቀቻት ነበር። መኪናዋን ብትለምናትም ንቅንቅ አላለችም፤ በተሰነጠቀ መስታወት መንዳት ለዕቃው ደኅንነት አይፈቀድም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በእግሯ ሄደች። ስትደርስ ልጁ ቀድሟት ደርሷል፤ እናቱ ጎን ተኝቶ ይጠባል። ኤልዳና እትብቱን አስተካክላ፣ የምትገሥጸው ሰው አጥታ ተመለሰች።

መኪናዋ ዘንድ ስትደርስ አንድ ክራቫት ያሰሩ ሰው መስታወቱን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው፣ ጨርቁን እንደ በሽተኛ ብርድ ልብስ ጎንና ጎኑን እየጠቀጠቁ አገኘቻቸው። የድርጅቱ ጉዳት ገማች አቶ ያፌት ነበሩ። ጠጠሯ በመታች በአርባ ደቂቃ ውስጥ ነው የደረሱት።

"እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሲስተር" አሏት። "ጥያቄዎ ጸድቋል።"

"ገና ምን ጠየቅኩና?"

"መስታወቱ ጠይቆልዎታል። በኦሪጅናል ይቀየራል።"

"መቼ?"

"በተቻለ ፍጥነት። አምስት ወር። ስድስት ከሆነ አስቀድመን እናሳውቅዎታለን።"

ኤልዳና ሰውየው የሚያሾፉባት መስሏት ፊታቸውን አየች። አቶ ያፌት አያሾፉም። በሃምሳ ዓመታቸው ከሥራ ሌላ ምንም የማያውቁ፣ ለሰው ክፉ ቃል ተናግረው የማያውቁ ጨዋ ሰው ናቸው።

የኦሪጅናልነት አዋጅ ሲወጣ ምክንያቱ መልካም ነበር። ፎርጅድ ፍሬን ብዙ ሰው ፈጅቷል፤ ኤልዳናም በጊዜው ከደገፉት አንዷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በአንድ መኪና ውስጥ ያሉ ዕቃዎች ሁሉ እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ፤ እንግዳ ዕቃ ከገባባቸው ሁሉም አንድ ላይ ሥራ ያቆማሉ። ያም ሆኖ ኤልዳና ተስፋ ሳትቆርጥ በማግስቱ በሰው መኪና አሰላ ሄዳ፣ ጋራዥ ካለው ከሙክታር ጋር ተማከረች። ሙክታር ከጀርባ አንድ መስታወት አወጣላት፤ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው።

"ይሄውልሽ" አላት፣ በእጁ መዳፍ እየጠረገው። "በሁለት ሰዓት እገጥምልሻለሁ። ችግሩ እኔ ሳልሆን መኪናሽ ናት። ገና መፍቻዬን ሳነሣ ፖሊስ ትጠራብኛለች።"

"ጋሽ ሙክታር፣ ብርጭቆ አይደል እንዴ?"

"ብርጭቆ ነው። ያኛውም ብርጭቆ ነው። ልዩነቱ ያኛው ያውቃል፣ ይሄኛው ያሳያል።"

ስለዚህ ጠበቀች። አምስት ወር በእግሯ፣ በብስክሌት፣ ባገኘችው ሁሉ እየተሳፈረች አዋለደች። በየሳምንቱ ዓርብ ከድርጅቱ አምስት ፊቶች ይላኩላታል፤ ከሚያለቅሰው እስከሚስቀው ካለው አንዱን መርጣ በአገልግሎቱ ምን ያህል እንደረካች እንድትገልጽ ነው። መጀመሪያ ሦስተኛውን ፊት ነካች። ወዲያው አቶ ያፌት ደውለው ምን እንዳስከፋት አንድ ሰዓት ሙሉ በጥሞና አዳመጧት፤ መልሰው ምንም ማድረግ እንደማይቻል አስረዷት፤ ሲሰናበቱም ድምፃቸው አዝኖ ነበር። በቀጣዩ ዓርብ የሚስቀውን ነካች። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ የሚስቀውን ነው።

መስታወቱ ሚያዝያ ላይ ደረሰ። ሙክታር ነው የገጠመው፤ አቶ ያፌት ነጭ ጓንት አጥልቀው እያንዳንዱን የእጁን እንቅስቃሴ ይቀርጹ ነበር። ሲያልቅ ኤልዳና ገብታ መሪውን ያዘች። ከአምስት ወር በኋላ የገዛ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ እንባዋ መጣ። መስታወቱ አያት።

"እንኳን ደህና መጡ" አለ። "አሽከርካሪዋ ኦሪጅናል አይደሉም። እባክዎ ኦሪጅናል አሽከርካሪ ያስገቡ።"

ሙክታር ሳቁ አላስቆም ብሎት ጎማ ላይ ተቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኤልዳና ከሁለት ዓመት በፊት የግራ ዓይኗን ሞራ አስወጥታ ሌንስ አስገብታለች። አሮጌው መስታወት በየቀኑ ስላያት ቀስ በቀስ ለምዷት ነበር። አዲሱ ግን የሚያውቃት መኪናዋን በገዛች ቀን በተላከ መዝገብ ብቻ ነው፤ በመዝገቡ ያለው ዓይንና ከፊቱ ያለው ዓይን አልገጠሙለትም።

አቶ ያፌት መዝገባቸውን ሲያገላብጡ ቆይተው፣ "የወጣውን ሞራ አስቀምጠውታል?" አሏት።

"ምኑን?"

"የተቀየረ ዕቃ መቀመጥ ነበረበት። እሱን ብናቀርብ ነገሩ ባንድ ቀን ያልቃል።"

"ሐኪሙ ጣለው፣ አቶ ያፌት።"

"ያሳዝናል" አሉ፣ ከልባቸው።

አንድ መንገድ ግን ነበር። ዓይኗ ራሱ የመኪናው ዕቃ ሆኖ ከተመዘገበ፣ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ኦሪጅናል ነው። ቅጹን አብረው አዩት። ፍሬን አለ፤ መሪ አለ፤ የወንበር ቀበቶ አለ፤ "ዓይን" የሚል መስመር የለም። የሚቀርበው "አሽከርካሪ፣ ሙሉ" የሚለው ነው፤ ከጎን መስታወትና ከዝናብ መጥረጊያ መሐል ይገኛል።

"ሙሉ ማለት?" አለች ኤልዳና።

"ዓይኑን ለይተን ስለማንመዘግብ ነው። እንደ ሥርዓት ይዩት እንጂ ሌላ ትርጉም አይስጡት።"

በማግስቱ ዴራ መንታ የያዘች ሴት ትጠብቃት ነበር። ኤልዳና ፈረመች። አራት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት የሚል ቁጥር ተሰጣት፤ መኪናዋም ወዲያው ተነሣች። መንታዎቹ በሰላም ተወለዱ፤ ሁለቱም ሴቶች።

መጀመሪያ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር ያለ አልመሰላትም። ፀጉሯን ሹሩባ በተሠራች ቀን ግን፣ "በዕቃው ገጽታ ላይ ያልተፈቀደ ለውጥ ታይቷል" የሚል መልእክት ደረሳት። በአራት አቅጣጫ ፎቶ ተነሥታ ላከች፤ ጸደቀላት። ከመኪናዋ ከአምስት መቶ ሜትር በላይ ርቃ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት እንደማይቻልም አወቀች። የእህቷ ልጅ ሠርግ ላይ ድንኳኑ ከመንገድ ራቅ ብሎ ስለተተከለ በየሁለት ሰዓቱ እየተመላለሰች መኪናዋን ነክታ ትመለስ ነበር። ሙሽራው እንዳትቸገር ብሎ መኪናዋን ድንኳኑ አፍ ድረስ አስጠጋላት። በሠርጉ ፎቶ ሁሉ ላይ ከሚዜዎቹ ኋላ የመኪናዋ መብራት ይታያል።

ደግሞ ጥሩውም ነገር ነበረ፤ እሱን መካድ አይቻልም። ግንቦት ላይ ከደረጃ ወድቃ ጉልበቷን ወለም አላት። ለዓይኗ ሞራ በጤና መድን ወረፋ ሰባት ወር የጠበቀች ሴት፣ ያን ዕለት ገና ተንጋልላ ከወደቀችበት ሳትነሣ አቶ ያፌት አንድ ሐኪምና አንድ ቴክኒሻን አስከትለው ከች አሉ። ሐኪሙ ጉልበቷን እዚያው አሽቶ አሰረላት፤ መድኃኒቱን በእጇ አስያዛት። ቴክኒሻኑ ጆሮውን ወደ ጉልበቷ አስጠግቶ አዳመጠና "ድምፅ የለውም" ብሎ ጻፈ።

"ለሰው ሰባት ወር፣ ለዕቃ አርባ ደቂቃ" አለች ኤልዳና በዚያ ሰሞን ለሙክታር ስታጫውተው። እየሳቀች ነበር የተናገረችው። ሙክታር አልሳቀም።

ሰኔ ገባ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከሁሩታ በላይ ካለች መንደር ኩለኒ የምትባል የሃያ ዓመት ልጅ እግር ምጥ ጠንቶባት ኤልዳና ተጠራች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ምጡ ከጀመራት አንድ ቀን አልፎታል። ኤልዳና መርምራ ወደ አሰላ ሆስፒታል መሄድ እንዳለባት ወሰነች፤ የኩለኒ አማት ወይዘሮ ጀሚላም አብረው ገቡ። መስታወቱ ቆጠራቸው፤ "አንድ ዕቃ፣ ሁለት ተሳፋሪ" ብሎ ጉዞ ፈቀደ።

አሰላ ለመድረስ ስድስት ኪሎ ሜትር ሲቀራቸው ኩለኒ "መጣ!" ብላ ጮኸች። ኤልዳና መኪናዋን አቁማ ወደ ኋላ ተሻገረች። ውጭ ዝናብ ስለነበር በሮቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንድ ወንድ ልጅ እዚያው የኋላ ወንበር ላይ ተወለደ፤ ዓይኑን ሳይገልጥ ጮኸ። የእንግዴ ልጁም ወጣ። ወይዘሮ ጀሚላ ልጁን በነጠላቸው ጠቅልለው ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ።

ደሙ ግን አልቆመም። ኤልዳና መርፌ ወጋቻት፤ ማሕፀኗን እያሸች ያዘችው፤ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ወይዘሮ ጀሚላ ልጁን በአንድ እጅ ታቅፈው በሌላው ሆዷን እንዴት እንደሚያሹ አሳይታቸው፣ ወደ ፊት ተመልሳ መሪውን ያዘች። መኪናዋ አልተነሣችም።

"በተሽከርካሪው ውስጥ ያልተመዘገበ ዕቃ ተገኝቷል" አለ መስታወቱ። "በር አልተከፈተም። ዕቃው ከውስጥ የወጣ ስለሆነ የተሽከርካሪው አካል ነው። እባክዎ ይመዝግቡት።"

ኤልዳና አቶ ያፌት ዘንድ ደውላ መኪናው ውስጥ ልጅ መወለዱን ነገረቻቸው።

"እንኳን ማርያም ማረችልዎት!" አሉ አቶ ያፌት፣ መልሰው ደግሞ "የማን ልጅ ነው?" አሉ።

"አቶ ያፌት፣ ሴትየዋ እየደማች ነው! መኪናዋን አንቀሳቅሱልኝ!"

"ከዚህ ሆኜ አልችልም። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው፣ ሲስተር። ይመዝግቡት። በዘጠና ቀን ውስጥ ማሰረዝ ይቻላል።"

ወይዘሮ ጀሚላ ሰሙ። "ስም ሳይወጣለት ቁጥር?" አሉ፣ ልጁን ደረታቸው ላይ አጥብቀው። "የልጄ ልጅ ዕቃ አይደለም፤ አላደርገውም!"

ኤልዳና ዞር ብላ ኩለኒን አየቻት። ከንፈሯ ነጥቷል። ከዚያ በኋላ ለመከራከር አልፈለገችም፤ ጫነች። ወይዘሮ ጀሚላ ፊታቸውን አዞሩባት።

"ምዝገባው ተጀምሯል" አለ መስታወቱ። "ዕቃውን የሚያይ ተወካይ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። እስከዚያው ባሉበት ይቆዩ።"

አርባ ደቂቃ ለመስታወት ጥሩ ነው። ለኩለኒ ረጅም ነበር፤ ኤልዳና ይህንን ከመጽሐፍም ከእጇም ታውቃለች። በሩን ከፍታ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። ሾፌር አልባዎቹ የገብስ መኪኖች በተርታ ያልፋሉ፤ እጇን ብታውለበልብም ማን ያያታል? በስተመጨረሻ ከኋላቸው አንድ የፈረስ ጋሪ መጣ፤ ላስቲክ የለበሰ ባለጋሪ ባዶ ጆንያ ጭኖ ይነዳል።

"ወላድ ናት! እየደማች ነው!" አለች ኤልዳና ልጓሙን ይዛ።

ባለጋሪው አንዴ እሷን፣ አንዴ የምታብለጨልጨውን መኪና አየ። "ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? አውጧት እንጂ!" አለ፤ ላስቲኩን አውልቆ ጆንያው ላይ አነጠፈው።

ኩለኒን ለሁለት አንሥተው አስተኟት። ኤልዳና ጋሪው ላይ ተንበርክካ ሆዷን እንደያዘች ነው የሄዱት። ወይዘሮ ጀሚላ ልጁን ይዘው ከባለጋሪው ጎን ተቀመጡ። ከኋላቸው መኪናዋ መብራቷን እያበራች እያጠፋች፣ በሙሉ ድምፅ "ዕቃ እየተሰረቀ ነው! ሁለት ዕቃ እየተሰረቀ ነው!" እያለች ትጮኽ ነበር። ፈረሱ ደንግጦ ፈጠነ። ባለጋሪው በኋላ ሲያወራ፣ ያን መንገድ እንደዚያ ቀን በሮጠ ፈረስ ሄዶ እንደማያውቅ፣ አለንጋም እንዳላነሣ ነው የሚናገረው።

ኩለኒ ሆስፒታል ሲደርሱ ነፍሷን ታውቅ ነበር። ደም ተሰጣት፤ ማታውን ሾርባ ጠጣች።

አቶ ያፌት ኤልዳናን ሆስፒታሉ ደጅ ወንበር ላይ፣ ቀሚሷ በደምና በጭቃ እንደተለወሰ አገኟት። መጀመሪያ ስለ ኩለኒ ጠየቁ፤ ደኅና መሆኗን ሲሰሙ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ቀጥለው ቅጽ አወጡ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሲስተር። መኪናዋ የስርቆት ጥያቄ አቅርባለች። ሁለት ዕቃ ጎድሏታል።"

"አንዷ እኔ ነኝ?"

"አዎን። ሌላው ሕፃኑ ነው። ስርቆት ለማመልከት ቁጥር ስለሚያስፈልግ ምዝገባው በራሱ ጸድቋል።"

"ሌባውስ ማን ሊባል ነው?"

አቶ ያፌት ወረቀቱን አዩ። "እርስዎን ዕቃ ስለሆኑ መክሰስ አንችልም። ባለጋሪውን ለመክሰስ ደግሞ ጋሪው ኢንሹራንስ ስለሌለው በእኛ መዝገብ አይታወቅም። እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ወደ መኪናው ቢመለሱ ግን ጉዳዩ እዚሁ ይዘጋል።"

"አልመለስም" አለች ኤልዳና። ድምፁ ከሷ የወጣ አልመስል አላት። "ሰርዙኝ።"

"ዘጠና ቀን የሚሰጠው ከመኪናው ውስጥ ለወጣ ዕቃ ነው፤ ፈርሞ የገባ የሚሰረዘው ከአገልግሎት ውጪ ሲሆን ብቻ ነው። ቁራሊዮ ካልሆነ አይሰረዝም። እኔ ደግሞ ..." አቶ ያፌት ክራቫታቸውን ነካኩ። "እኔ በበኩሌ እርስዎ ከአገልግሎት ውጪ የሆኑ አይመስሉኝም።"

"እሱ የሚሞላው የት ጋ ነው?"

አሳዩዋት። "የዕቃው ሁኔታ" የሚል ነው። ሊጽፉ ብዕር አንሥተው ቆዩ፤ አልሆነላቸውም። ኤልዳና ብዕሩን ተቀብላ ራሷ "ያረጀ፣ የማይጠገን" ብላ ጻፈችና ፈረመች። አቶ ያፌት ተነሥተው ለሰው እንደሚደረገው ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት፤ ከዚያ ሄዱ።

በዚያው ሳምንት ድርጅቱ ጉዳዩ በመልካም ሁኔታ መጠናቀቁን ገለጸላት። መኪናዋ ከፊት መስታወቷ እስከ መጥረጊያዋ መቶ በመቶ ኦሪጅናል ናት፤ የጎደላት አሽከርካሪ ብቻ ነው፤ ኦሪጅናል አሽከርካሪ ፍለጋው ቀጥሏል፤ ሕፃኑም እናቱ ቤት በአደራ እንደተቀመጠ ዕቃ ተቆጥሯል። ኤልዳና ከባለጋሪው ጋር ተስማምታ ሥራዋን በጋሪ ጀመረች። ከሁሉ በላይ ስታስበው የከረመችው የሕፃኑን ነገር ነበር። የጫነችው እሷ ናት፤ ወይዘሮ ጀሚላ ፊታቸውን ያዞሩባት ጊዜ በዓይኗ እየመጣ እረፍት ነሳት። ዘጠናው ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማሰረዣውን ቅጽ ከአሰላ አወጣች፤ በራሷ እጅ ሞልታ፣ እናትየው የምትፈርምበትን ቦታ ብቻ ትታ፣ መስከረም ላይ ይዛላቸው ሄደች።

ቤቱን መጀመሪያ ተሳስታ አለፈችው። ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ ግድግዳው ተመርጓል። ኩለኒ ደጅ ላይ ልጅ ታጠባለች፤ ፊቷ ሞልቷል። ልጁ ናስር ተብሏል፤ ጉንጩ ተንዠርግጓል።

"ጣራውን መቼ አሠራችሁት?" አለች ኤልዳና።

"እነሱ ናቸው የሠሩት" አለች ኩለኒ ዓይኗን ሰብራ። "ዕቃ እርጥበት ባለበት ቦታ አይቀመጥም ብለው።"

ወይዘሮ ጀሚላ ከጓዳ ወጡ። ኤልዳና አሁንም የተቀየሟት መስሏት ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ እሳቸው ግን አገላብጠው ሳሟት። ሻይ አስቀረቡ። ኤልዳና ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

"እማማ፣ ይኸው። ያን ዕለት የበደልኩዎትን ልክስ ነው የመጣሁት። ኩለኒ እዚህ ጋ ስትፈርም ልጁ ከነገ ጀምሮ ነፃ ነው።"

ኩለኒ አማቷን አየች። አማቷ ሻዩን አማሰሉ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

"ባለፈው ሳል ይዞት ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ገና ጉሮሮውን ሳይጠርግ ነው የደረሱት። ከነሐኪማቸው። ያ ክራቫት የሚያስረው ሰውዬ ደግሞ እንዴት ያለ ጨዋ ነው።"

"ግን እኮ እማማ፣ ከመኪናው መዝገብ ካልወጣ ..."

"ገባኝ፣ ልጄ፤ ገባኝ። ትክክል ነሽ።" ቅጹን በጥንቃቄ አጥፈው ወደ ኤልዳና መለሱት። "ብቻ ትንሽ ይቆይ። ክትባቱን ይጨርስ።"

"የቀሩት ስድስት ቀን ናቸው። ከዚያ በኋላ አይሰረዝም።"

"እሱን ነግረውናል" አለች ኩለኒ በቀስታ።

ኤልዳና ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ልጁን አቅፋ ክብደቱን በእጇ ገመተች፤ በዕድሜው ከሚጠበቀው በላይ ነው፤ ለአዋላጅ ደግሞ ይሄ የማያስደስት ነገር አይደለም። ልትሄድ ስትል ወይዘሮ ጀሚላ እስከ አጥሩ ሸኟት። እየተራመዱ በየመሐሉ ቆም ይሉ ነበር፤ በግራ እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘዋል። ጋሪው አጠገብ ሲደርሱ ባለጋሪው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ሲስተር፣ አንቺ ቅጹን ታውቂዋለሽ" አሉ። "ለአያት የሚሆን መስመር ይኖረው ይሆን?"